ማን ልበል?

«ሊንኩን ለመንገደኛ ያደለው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው» አለ ኢንጂነሩ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም። ሳሎኑን የሞሉት አስተዛዛኞች አንገታቸውን ወደ በሩ ጥግ፣ ትኬት ቆራጩ በርጩማ ላይ ወደተቀመጠበት አዞሩ።

ትኬት ቆራጩ የኢንጂነሩ ታላቅ ወንድም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ትኬት ሲቆርጥ ኖሯል። ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ የምንጣፍ መጋዘን ሲሆን ሥራው ቀረ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። የሁለቱም ታላቅ፣ ሁለቱንም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እህታቸው ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

«ማነው የታወቀው?» አለ ትኬት ቆራጩ።

«ወረቀት ላይ ገልብጦ ኪሱ ይዞ ሲዞር የነበረ ሰው ነዋ። ሻይ ቤት ይሁን፣ ፀጉር ቤት ይሁን፣ የት እንዳስነበበው እሱ ያውቃል። እኔ አልፈርድም። ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ ነው።»

የትኬት ቆራጩን አንጀት ያሳረረችው «አልፈርድም» የምትለዋ ቃል ናት። ቢፈርድበት ይሻል ነበር፤ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ይላል። አስተዛዛኞቹ ከንፈር መጠጡ። ለሟቿ ይሁን ለእሱ አልለየም።

ወረቀቱ አሁንም ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ፊደሉ የውጭ ፊደል ነው፤ እሱ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ሲወጣ የውጭውን ፊደል እዚያው ጥሎት ነው የወጣ። ስለዚህ አልጻፈውም፣ ሣለው። አንዷን እንደ መሰላል፣ አንዷን እንደ መንጠቆ፣ አንዷን እንደ ተገለበጠ በርጩማ እያደረገ ከስልክ ላይ አንድ በአንድ ሣለው። ስልኩ ቢዘጋ እንኳ የእህቱ ልጅ የምትናገርበት አድራሻ አይጥፋብኝ ብሎ ነው። ሲሥለው ኢንጂነሩ አይቶታል እንጂ ለማንም አላሳየም። ማንስ «አሳየኝ» ብሎት ያውቃል?

በቀብሩ ቀን የሆነው ይህ ነው። ሟቿ አንድ ልጅ ብቻ አላት፤ ባሕር ማዶ ነው የምትኖረው፣ ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐኪሟ አውሮፕላን አትወጪም ብሏታል። ስለዚህ ከቀብር መልስ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከእናቲቱ ፎቶግራፍ ጎን ኮምፒውተር ተከፈተና በየአገሩ የተበተነው ዘመድ በቪዲዮ ስብሰባ ተሰበሰበ። አዘጋጁ ኢንጂነሩ ነበር። ልጅቷ ጥቁር ሻሿን አስተካክላ፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ…» ብላ ጀመረች። ከዚያ በላይ አልሄደችም። አንድ የማይታወቅ ድምፅ «እማዬ! እማዬ!» እያለ በቀጭኑ ቀለደባት። ሌላው ጭፈራ ለቀቀ። ስማቸው በውጭ ፊደል የተጻፈ፣ ፊታቸው የማይታይ ዐሥር ዐሥራ አምስት ሆነው ገቡ። ነውረኛ ሥዕል ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ አንዱ የሟቿን ፎቶ አወጣና በቀይ ቀለም ጺም ሣለላት፣ ቀንድም ጨመረላት። ልጅቷ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ ያንን ስታይ ሁሉም አያት።

ያ ሁሉ ዲግሪ ያለው ኢንጂነር ማጥፊያውን ፍለጋ፣ ጥሬ እንደጠፋባት ዶሮ ስክሪኑን ሲለቅም ነበር። በመጨረሻ ገመዱን ከግድግዳው የነቀለው ትኬት ቆራጩ ነው። ለዚያም ምስጋና አላገኘም። «ዕቃ ሊያቃጥል ነበር» ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስልክ አላነሳችም።

*

«ወንድሜ፣ ና እስቲ ወደ ጓዳ» አለችው ጡረተኛዋ ስልከኛ እጅጌውን ጎተት አድርጋ።

ይህች ሴት ከሟቿ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ የስልክ ማዞሪያ ክፍል፣ ጎን ለጎን የሠራች ናት። ከውጭ የሚደወለውን ተቀብለው ወደየክፍሉ የሚያገናኙ ሁለት ሴቶች። ስትናገር ከትንፋሽ አይበልጥም፤ ጆሮህን ካልሰጠሃት አይሰማም። የጓዳውን በር ገርበብ አድርጋ ስልኳን አወጣች።

«ከመናገሬ በፊት ማልልኝ፣ አትጮህም።»

«ለምንድነው የምጮኸው?»

«ማልልኛ።»

«በእታለም አፈር!»

እታለም የሚለው እህቱን ነው። ጡረተኛዋ የስልኳን ስክሪን አዞረችለት። የኢንጂነሩ ገጽ ነው፤ ሺህ ሰው የሚከተለው፣ ማንም ገብቶ የሚያየው። የእታለም ፎቶ አለ፤ ከጎኑ የራሱ የኢንጂነሩ ፎቶ በከረባት፣ ከሟቿ ፎቶ ተለቅ ብሎ። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ይህኛው በራሱ ፊደል ነውና ትኬት ቆራጩ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። «የውድ እህቴን ሐዘን ለመካፈል ለምትፈልጉ ሁሉ በራችን ክፍት ነው።» ከሥሩ ያችው መሰላል፣ ያችው መንጠቆ፣ ያችው የተገለበጠች በርጩማ።

«ከቀብሩ በፊት ነው የለጠፈው። ዛሬ ጠዋት አጥፍቶታል። እኔ ግን ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይህ ነው። በሩን ሊከፍት ሲል ሴትየዋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«ምለሃል።»

«እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ነው እኮ እኔን…»

«አውቃለሁ። አሁን ሄደህ ብታፋጠው ልጅቷ ትመጣለች?»

እጁን ከበሩ እጀታ አወረደ። ሴትየዋ የት እንደምትነካው አውቃለች። እታለም በሆስፒታል አልጋዋ ላይ፣ ከመሞቷ ሁለት ቀን ቀድማ፣ እጁን ይዛ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ ሳትናገር እንዳትበተኑ። ያልወጣ ለቅሶ ይዛ አትውለድብኝ።» ለኢንጂነሩ አይደለም የነገረችው። ለእሱ ነው። እሑድ ደግሞ ሐዘኑ ያበቃል፣ የኪራዩ ወንበር ይመለሳል፣ ሰው ወደየሥራው ይበተናል። ሦስት ቀን ነው የቀረው።

«እሺ፣ ምን እናድርግ?» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

ጡረተኛዋ ኮምፒውተሯን የዱቄት ዕቃው ላይ ዘረጋች። ለጉልበት ሕመሟ ሐኪሟን በዚህ ነው የምታገኘው፤ ነገሩን ታውቀዋለች።

«የመጀመሪያው ቀን ቤቱ በር አልነበረውም። አሁን እኛ በር እናበጅለታለን። ይሄውልህ፣ ይህ መጠበቂያ ክፍል ይባላል። ሰው ሊንኩን ሲነካ ዘው ብሎ አይገባም። እዚህ ይቆማል። አንተ ካልፈቀድክለት እዚያው ይቀራል።»

«ኮሪደሩ ነዋ።»

«ኮሪደሩ በለው። ይህ ደግሞ የይለፍ ቃል።»

«ትኬቱ።»

«ይህችን ስትነካ ከእኛ በቀር ማንም ሥዕል ማሳየትም መሣልም አይችልም። በዚህች የሁሉንም ድምፅ ትዘጋለህ። በዚህች ደግሞ፣ ሁሉም ከገባ በኋላ፣ በሩን ትቆልፋለህ።»

«ፊልሙ ሲጀመር» አለ። ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «ይህች ቀይዋስ?»

«ማስወጫ ናት። እሷን የነካህበት ሰው ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ አትቸኩልባት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስመኛት የኖርኩ ዕቃ እኮ ናት!»

ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ አላትና ተወችው።

እሱ ግን ማሰብ ጀምሯል። ትኬት ይሰረቃል። የይለፍ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ያልፋል፤ ኢንጂነሩ ለአንድ ሰው ከነገረ ለመቶ ሰው ነግሯል። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ጎረምሶች «ወንድሜ ውስጥ ነው፣ ቁልፍ ልሰጠው ነው» ሲሉት፣ «ወንድምህ ምን ዓይነት ሸሚዝ ለብሷል?» ይል ነበር። እውነተኛው ሳያስብ ይመልሳል። ሐሰተኛው ጣራ ያያል። ይህን ያስተማረችው ራሷ እታለም ናት። ሆስፒታሉ ውስጥ «የእከሌ ወንድም ነኝ» እያለ የሚደውል ስንት ነገረኛ፣ ስንት ሰካራም፣ ስንት ባለቂም አለ። «ማን ልበል?» ትላለች። ስሙን ይነግራታል። «ስም ማንም ያወጣል» ትል ነበር። «እውነተኛው ዘመድ ብቻ የሚያውቀውን ነው የምጠይቅ።»

«ቅጽል ስም» አለ ድንገት።

ሴትየዋ ቀና አለች።

እታለም ሰውን ሁሉ በድምፁ ነበር የምትጠራው። ሥራዋ ሆኖባት ይሁን ተፈጥሮዋ፣ አንድ ጊዜ ድምፅህን ከሰማች ስም ታወጣልሃለች፣ እስክትሞት ያው ነህ። ትኬት ቆራጩ «ተጀመረ! ተጀመረ!» እያለ ስለሚጮኽ ቃጭል ነው። አክስታቸው ከበሮ ናቸው። እያሳለ የሚያወራው የአጎት ልጅ መጋዝ፣ አፏ የማያርፈው የአክስት ልጅ ወፍጮ። ጡረተኛዋ ሹክሹክታ። ልጅቷ ጫጩት። ኢንጂነሩ በልጅነቱ ፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲናገር ያፏጭ ነበርና ፉጨት።

«እያንዳንዱ እሷ ባወጣችለት ስም ይግባ። ያንን ማንም ከገጽ ላይ አያነበውም።»

አንድ ቀን ተኩል ፈጀባቸው። እታለም የዘመዱን ስልክ ቁጥር የጻፈችበትን ባለ ሳጥን ደብተር ይዘው፣ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ከድሮው የቤት ስልክ እየደወሉ፣ ለእያንዳንዱ በቃል ነገሩት። ያንን ስልክ ኢንጂነሩ «ይነቀል፣ ማንም ሰው የማይደውልበት ቅርስ» ሲል ስንት ጊዜ ተሟግቷታል። እሷ ግን ሽቦውን ጭራሽ አስረዝማ፣ ሳሎን ወንበሯ ድረስ እየጎተተች ትናገርበት ነበር። «ልጄ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር ይህ ብቻ ነው» ትላለች።

ትኬት ቆራጩ ልጅቷ ዘንድ ዐሥራ አንድ ጊዜ ደወለ። አላነሳችም። ጡረተኛዋ አዲሱን ሊንክ በመልእክት ላከችላት። የስሙን ነገር እሱ እሷ የነገረቻት መስሎት፣ እሷ ደግሞ እሱ የነገራት መስሏት፣ ሳይነግሯት ቀሩ።

*

ኢንጂነሩ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። አሳሳቁ ከስድቡ ይብሳል።

«እኔ አለቆቼ ፊት ፉጨት ተብዬ ልግባ?»

«አለቆችህን ማን ጠራቸው?»

«ሐዘኔን ሊካፈሉ ነዋ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ እገባለሁ ብሏል። አንተ ይህን አታውቅም፣ ሰው በኔትወርክ ነው የሚኖረው። ይህ የአንተ ሲኒማ ቤት አይደለም።»

«አይደለም። ሲኒማ ቤቴ ውስጥ ሙት ላይ ጺም አልተሣለም።»

አክስትየዋ ከሶፋው ላይ ሆነው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «እናንተ! እሷ እኮ ገና አልቀዘቀዘችም!» ከበሮ ናቸውና ድምፃቸው ጎረቤት ደረሰ።

ኢንጂነሩ ሊንኩንና የይለፍ ቃሉን ከጡረተኛዋ ተቀብሎ «ለሁለት ሦስት ሰው ነው» ብሎ ወጣ። ትኬት ቆራጩ ከኋላው አየው። ከተመረቀ ጀምሮ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ይህ ልጅ ጋሼ ብሎት አያውቅም። ድሮ ጋሼ ይለው ነበር። ጋሼ አሻግረኝ፣ ጋሼ ጫማዬን እሰርልኝ፣ ጋሼ ፊልሙን በኋላ በር አስገባኝ። በኋላ በር ስንቴ አስገብቶታል!

የምረቃው ቀን አራት የመግቢያ ካርድ ነበር። አባት፣ እናት፣ እታለም። አራተኛውን ፉጨት ሆዬ ለመምህሩ ሚስት ሰጠው። ትኬት ቆራጩ የተዋሰውን ኮት ለብሶ በሩ ላይ ደረሰ። ዘበኛው «ካርድ?» አለው። ምን ይበል? አፉ ላይ የመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወንድሜ ውስጥ ነው።»

ዘበኛው በጥርሱ ሳቀ። «ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው።»

ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አጥሩ ሥር፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የአዳራሹን ጭብጨባ ሲሰማ ቆየ። አንድ ጊዜ ቀና ቢል እታለም በአዲስ ቀሚሷ አጠገቡ መጥታ አቧራው ላይ ተቀምጣለች። ካርዷን መሀል ለመሀል ቀዳ ግማሹን ሰጠችው። «በል ቃጭል፣ ግማሽ ግማሽ ገብተናል» አለችው። የወንድማቸው ስም ሲጠራ ሁለቱም ውጭ ነበሩ። እሷ አጨበጨበች። እሱ አላጨበጨበም።

*

እሑድ ረፋዱ ላይ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፈተ። ከጎኑ የእታለም ወንበር፣ ስትቀመጥበት ጎድጎድ ያለችው መከዳዋ እንዳለች። ትኬት ቆራጩ ጺሙን ተላጭቶ፣ የሲኒማ ቤቱን ሰማያዊ ኮት ለብሶ ነበር። ማንም ምንም አላለውም።

«ተጀመረ» አለ በሆዱ።

መጋዝ መጣ፤ አስገባው። ወፍጮ መጣች፤ አስገባት፣ ገና ፊቷ ሳይታይ እያወራች ነው። ጎማ፣ ፏፏቴ፣ ዝንብ። ሰው ሁሉ ሟቿ ባወጣችለት ስም እየተሰለፈ መጣ፤ አንዳንዱ ስሙን አይቶ ገና ሳይገባ ያለቅሳል። ሠላሳ ሰባት ደረሱ። ትኬት ቆራጩ እያንዳንዱን ሲያስገባ አውራ ጣቱና ጠቋሚው ሳያውቀው ወረቀት እንደሚቀድ ሰው ይንቀሳቀሱ ነበር።

ከዚያ ሌላው ጎርፍ መጣ። «ቤተሰብ።» «የሐዘኑ ተካፋይ።» «ዋና ሥራ አስኪያጅ።» «ኢንጂነር።» ሁለት ሦስት ሰው የተባለው ሃምሳ ሆኗል፤ ለመሥሪያ ቤቱ የውይይት ቡድን በሙሉ ለቆታል ማለት ነው። መካከላቸው በውጭ ፊደል የተጻፉ ሦስት ስሞች ነበሩ። እነዚያን ሲያይ ጥርሱን ነከሰ። የቀብሩ ቀን የገቡትም በዚህ ፊደል ነው። ማናቸው ምን እንደሚል አያውቅም፤ መጠየቅም አልፈለገም። ጡረተኛዋ አክስትየዋን ልታስነሳ ሄዳለች። ቀይዋን ነካ። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛውን ሲያስወጣ «ሂድና እናትህ ፎቶ ላይ ጺም ሣል!» አለ፣ ጮክ ብሎ።

እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ዕድሜ ልኩን በር ላይ ቆሞ፣ ዛሬ ብቻ የልቡን ያደረሰ መሰለው።

«ኢንጂነር» የሚለው ስም ከመጠበቂያው ክፍል ጠፋ፤ ተመልሶም መጣ። አሁን «ወንድሟ ነኝ» ይላል። ኢንጂነሩ ከጎን ያለው መኝታ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለአለቆቹ እንዲታይ ከረባት አስሮ፣ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ገብቷል። ትኬት ቆራጩ ስሙን አየው። ጎንበስ ብሎ፣ ጽሑፉ የሚሰማ ይመስል፣ «ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» አለው።

የመኝታ ቤቱ በር በርግዶ ተከፈተ።

«ምን ማለትህ ነው? ዋና ሥራ አስኪያጁ ሩብ ሰዓት ሙሉ ውጭ ቆሟል! እኔን፣ የገዛ ወንድምህን!»

«ስምህን አስተካክለህ ና።»

«ቀናተኛ! ዕድሜህን ሙሉ ሌላ ሥራ የለህም፣ ቅናት! ፊደል የማያውቅ ሰው በር ላይ አስቀምጠው…»

ኮሪደሩ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ማንም ልብ አላለውም።

«ፊደል የማያውቀው ነው ገጹ ላይ ‹በራችን ክፍት ነው› ብሎ የለጠፈው?» ትኬት ቆራጩ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ከእታለም ፎቶ የራስህን አስበልጠህ! ጠዋት ተነስተህ አጥፍተህ፣ ሰው መሀል እኔን አልፈርድም ትለኛለህ? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ጺሙን የሣልክባት አንተ ነህ! ልጅቷን አፏን ያስያዝካት አንተ ነህ!»

የኢንጂነሩ አፍ ግን አልቆመም። እሱ ሲጮኽ ያኛው ሲጮኽ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነገር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ ካርዱ፣ የተዋሰው ኮት፣ የመምህሩ ሚስት። ስክሪኑ ላይ ሠላሳ ሰባት ሰው አፉን ከፍቶ ያያል። ማይኩ ክፍት ነበር። ወፍጮ እንኳ ዝም ብላለች።

«ዝም በሉ!»

ጡረተኛዋ ናት። ያች ከትንፋሽ በላይ ተናግራ የማታውቅ ሴት። የድሮውን ስልክ እጀታ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«‹ማን ልበል› አልኳት» አለች። «ጫጩት ናት። በባሏ ኮምፒውተር ገብታ መጠበቂያው ክፍል ቆማ ነበር። ስሙ በውጭ ፊደል ነው። ወንድሜ፣ ቀዩን ነክተህባታል። ይህን ሁሉ ደግሞ በዚህ ሰምታለች።»

አክስትየዋ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው መሀል ወለል ላይ ቆመዋል። አንዱን ወንድም አዩ፣ ሌላውን አዩ።

«ረባሽ ከውጭ ነው የሚመጣ ብለን በር ስንቀረቅር» አሉ፣ ሳይጮኹ። «እነዚህን ሁለቱን ማን ነው የሚያስወጣልኝ?»

ትኬት ቆራጩ ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት የያዘ አንድ ሰው መልሶ አያውቅም። ስልኩን ተቀበለ።

«ጫጩት…»

«ጋሼ ቃጭል» አለችው ልጅቷ ከሩቅ። እያለቀሰች ነው። «አስወጣኸኝ እኮ።»

ሰበብ ፈለገ። ማሽኑ ነው ሊል ይችላል። ተነካብኝ ሊል ይችላል። ከፊቱ ኢንጂነሩ ቆሟል፣ ስክሪኑ ላይ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል።

«ፊደሉን አላውቀውም ልጄ» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። «ማንበብ አልችልም። ከእነዚያ አንዱ መስለሽኝ ነው።»

መስመሩ ላይ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«ይከፈትልሽ? እንደ አዲስ እንክፈትልሽ?»

«ኮምፒውተሩን ተዉት። ያንን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። በዚህ ልናገር።»

ትኬት ቆራጩ ሽቦውን እየጎተተ ወደ ጠረጴዛው መጣ፤ ሽቦው እታለም እንዳስረዘመችው በትክክል ወንበሯ ጋ ደረሰ። ጡረተኛዋ የሁሉንም ድምፅ ዘጋች። በሩን ቆለፈች። እሱ የስልኩን ማዳመጫ ኮምፒውተሩ ማይክ አጠገብ አድርጎ ክንዱን ዘርግቶ ቆመ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። ማንም አልሳቀባትም። «ትንሽ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ሥራ ቦታሽ እደውልልሽ ነበር። እኔ መሆኔን እያወቅሽ ‹ሆስፒታል፣ ማን ልበል?› ትይኛለሽ። ‹ጫጩት ነኝ› እላለሁ። ‹ጫጩት፣ መስመር ላይ ጠብቂ› ትይና ስልኩን ሳትዘጊው ጠረጴዛው ላይ ታስተኝዋለሽ። የቤት ሥራዬን ስሠራ እሰማሻለሁ። ሰውን ስታገናኚ፣ ስትቆጪ፣ ወረቀት ስታገላብጪ። አንድም ቀን አላወራሽኝም እኮ፣ ጊዜ የለሽም። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። እኔም… ልጄን…» ቆመች። አለቀሰች፣ እንዳሻት አለቀሰች። ድምፅ የሌላቸው ሠላሳ ሰባት ፊቶች አብረዋት አለቀሱ።

ለረጅም ጊዜ ተናገረች። የትኬት ቆራጩ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከጎኑ አንድ ሰው ሲጠጋው ታወቀው።

«ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ፣ ከረባቱን ፈትቶ እጁ ላይ ጠምጥሞታል። «ስጠኝ። ክንድህ ደከመ።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት ቃል ናት። ስትመጣ ግን እንደጠበቃት አልጣመችውም።

«አልሰጥህም» አለ ሳያየው። ትንሽ ቆይቶ፣ «ክርኔን ያዝ» አለ።

ኢንጂነሩ ክርኑን ያዘለት። ልጅቷ እስክትጨርስ እንደዚያው ቆሙ፣ ሳይተያዩ።

ሲያበቃ ዘመዱ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጠፋ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ማንም አልቀረም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ሰልችቶት ሄዷል። ግቢው በር ላይ የኪራዩን ወንበር ሊወስድ የመጣው ጋሪ ደወሉን ደወለ። ልጅቷ ስልኩን አልዘጋችም ነበር፤ ኢንጂነሩ ተቀብሎ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ፣ ትኬት ቆራጩ እጁን በጥፊ መታው።

የስልኩን ማዳመጫ የእታለም ወንበር ላይ፣ ጎድጓዳዋ መከዳ ውስጥ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ አስተኛው። ከዚያ ኮቱን አወለቀና የኪራይ ወንበሮቹን ማጠፍ ጀመረ፤ አንዱን በአንዱ ላይ፣ እንዲንኳኳ እያደረገ።